ለእማዬ የሰፋሁት የበረዶ ተራራ

ከየካ ሚካኤል የወጣሁ ዕለት እማዬ አላለቀሰችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ብዙ ሰው የእናቱን እንባ ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ እኔ ይዤ የሄድኩት ዝምታዋን ነው። አመሻሹ ላይ ግቢያችን በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። አንዱ ሻንጣዬን ብድግ አድርጎ ኪሎ ይገምታል፣ ሌላዋ ሽሮው በላስቲክ ላይ ላስቲክ ካልተደረበበት ልብሴ ላይ እንደሚበተን ትመክራለች፣ እህቴ ትዕግስት ደግሞ "ፓስፖርትሽን እስቲ አሳዪኝ" እያለች ቦርሳዬን ታስከፍተኛለች። እማዬ በሩ አጠገብ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ጥልፍ ትጠልፋለች። እኔንና ትዕግስትን ያሳደገችን የሰው ቀሚስ እየጠለፈች ነው፤ ሠርግም ይሁን ለቅሶ እጇ ሥራ አይፈታም። መኪናው መጥቶ ሻንጣው ሲጫን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና ብላ አየችኝ።

"የምትገቢበትን ቦታ በዐይኔ ባየው እንዲህ ባልከበደኝ" አለች።

"ታዪዋለሽ" አልኳት። ሰው ስንብት ላይ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ እኔም እንደዚያው ነው የተናገርኩት። በኋላ ግን ያች ቃል እንቅልፍ ትነሳኝ ጀመር።

የእኔ ስደት በባሕርም በበረሃም አይደለም። አውሮፕላን ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬ፣ ዶሮ ይሻልሻል ወይስ ፓስታ እየተባልኩ ነው የተሰደድኩት። ባሕር ያቋረጡ ወገኖቼ በተሰበሰቡበት "ስደት" የሚለውን ቃል ሳነሳ አፍራለሁ። ከመሄዴ በፊት ወሰን የሚባለው ሰፈር አንድ መጋረጃ ቤት እሰፋ ነበር። ሰለሞን ኖርዌይ ብዙ ዓመት የኖረ የጎረቤታችን ዘመድ ነው፤ ለዕረፍት መጣ፣ ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ወረቀቱ አለቀና ሄድኩ። መንገዱ ቀላል ነበር። የከበደው ደርሶ መቀመጡ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ በባሕር የመጣውም በአየር የመጣውም እኩል ነው።

የገባሁባት ከተማ በሁለት ተራራ መሀል የተቀረቀረች ናት። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ትገባና እስከ የካቲት ፊቷን አታሳይም። የካ ያላችሁ "እኛም ክረምት ላይ ፀሐይ አናይም" ትሉኝ ይሆናል። የእኛ ክረምት እኮ ይጮሃል። ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ቱቦ ያስገነፍላል፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ሰው ከታክሲ ወርዶ ሱሪውን እየሰበሰበ የሰፈሩን ሹም ይሰድባል። የእነሱ ክረምት ድምፅ የለውም። ስትነሱ ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ መቼ እንደሆነ አታውቁም። ቁርሱ ቀዝቃዛ ዳቦ፣ ምሳውም ያው ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ብሩኖስት የሚሉት ቡናማ አይብ አላቸው፤ መጀመሪያ ቀን ሳሙና መስሎኝ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጬው ሰለሞን ሲስቅብኝ ሰነበተ። ሰላምታም ይቆጥባሉ። ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራ "እንዴት አደራችሁ" ስል መንገዱ የሚያልቅብኝ ሴት፣ እዚህ አፌ ተዘግቶ ይውላል።

ከሰለሞን ጋር ሁለተኛውን ክረምት አብረን አልዘለቅነውም። አልተጣላንም፤ የምንነጋገረው አለቀብን። እሱ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ፣ እኔ የአረጋውያን ቤት የጽዳት ሥራዬን ይዤ ቀረሁ። ለቤተሰብ አልነገርኩም። "ሰለሞን እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ሥራ ላይ ነው" እላለሁ። ሥራ ላይ መሆኑማ እርግጥ ነው።

ከዚያ ምድር ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ኦድቫር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚለካ ሰው ነው። በገባሁ ሰሞን ስሜን የለጠፍኩበት የፖስታ ሳጥን ፊት አቆመኝ።

"ደበበ ማነው?" አለኝ።

"አባቴ ነው።"

"ውሉ የሚለው አንድ ሰው ነው።"

"አባቴ ከሞተ ቆይቷል።"

"ታዲያ ሳጥኑ ላይ ምን ያደርጋል?"

እኛ ዘንድ የአባት ስም ከልጅ ስም ቀጥሎ እንደሚጠራ፣ የቤተሰብ ስም የሚባል እንደሌለን በዚያች በምትንተባተብ ቋንቋዬ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ሲያበቃ "ካልመጣ ችግር የለውም" ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ፍቺው ሲጠናቀቅ የመኖሪያ ፈቃዴ እንደገና ይታይ ተባለ። ያለፈበት ሰው ያውቀዋል፤ ላላለፈበት ልንገረው። ውሳኔው እስኪመጣ አገር ቤት ደርሼ ልመለስ ብል መመለሻ የለኝም። እማዬን ልጋብዛት ብል ደግሞ የራሱ ጉዳይ ያልተወሰነለት ሰው ማንንም መጋበዝ አይችልም። እኔ አልሄድም፣ እሷም አትመጣም። ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ፋይሌን የያዘችው ልጅ ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ ኮምፒውተሯን እያየች ነበር የምታናግረኝ።

"ከዚህ አገር ጋር ምን ያስተሳስርሻል?"

"ሥራዬ።"

"እሱ ፋይሉ ላይ አለ። ሌላስ?"

"የበረዶ አካፋ ገዝቻለሁ።"

መቀለዴን ልነግራት ስል ጻፈችው።

"ማኅበራዊ ተሳትፎ?"

"በሳምንት አንድ ቀን ከሴቶች ጋር ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኩዊልት እሰፋለሁ።"

"እሱ ጥሩ ነው" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እዚያ አገር ውስጥ ያለኝ ሥር ሁሉ አንድ አካፋና አንድ ቁራጭ ጨርቅ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ኩዊልቱ ያስገቡኝ ጎረቤቴ ኢንገር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። የእነሱ ቋንቋ ለትልቅ ሰው የተለየ አጠራር የለውም፣ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም አንድ ያደርገዋል። እኔ ግን በልቤ እርስዎ ነው የምላቸው፤ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ። መስኮቴ ላይ የሰቀልኩትን መጋረጃ አይተው ማን እንደሰፋው ጠየቁኝና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይዘውኝ ሄዱ። ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከብበው ደህናውን አዲስ ጨርቅ በመቀስ ይቆራርጣሉ። ከዚያ ቁርጥራጩን መልሰው ይገጣጥሙታል። ከሥሩ ስስ ጥጥ ያነጥፋሉ፣ ከጀርባ ሌላ ጨርቅ ያደርጋሉ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ይሰፉታል። ደጋግሜ አየሁት። ድሪቶ ነው። እኛ ሰው እንዳያይብን የምንደብቀውን ድሪቶ እነሱ ኬክ እየበሉ ሠርተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ለማን ልንገረው፣ ብቻዬን ሳቅኩ።

በዚያ ሰሞን ሴቶቹ አንድ ነገር ተስማሙ። እያንዳንዳችን የክረምት ተራራ የሚያሳይ ትንሽ ኩዊልት፣ የትራስ ልብስ የምታክል፣ እንድንሠራና ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ እንድትሰቀል። ሌሎቹ የሚያወሩት ስለ ኤግዚቢሽኑ ነበር። እኔ የመጣብኝ እማዬ ናት።

እማዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቪዲዮ አታናግረኝም ነበር። "የስልኩ ብርሃን ዐይኔን ይወጋኛል፤ ድምፅሽ ይበቃኛል" ትላለች። የከተማዋን፣ የተራራውን፣ የበረዶውን ፎቶ እልካለሁ፤ ትዕግስትን "አሳየሻት?" ስላት "አሳየኋት፣ ቆንጆ ነው አለች" ትለኛለች። አንዳንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዳንዴ መብራት ጠፍቷል። እኔ የመሰለኝ እማዬ እንደተቀየመችኝ ነው። ስልክ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የተቀባባ ነው ትላለች ድሮም። ጨርቅ ግን አያታልላትም፤ አንድ ቀሚስ ገልብጣ ጀርባውን ካየች የጠለፈችው ሴት ቸኩላ እንደነበር ትነግራችኋለች። እንግዲህ የምኖርበትን በጨርቅ ብሠራላት ታየዋለች፣ ካየችው ደግሞ ልቧ ያርፍልኛል አልኩ። ከዚያ ወዲያ ኤግዚቢሽኑ ትዝ አላለኝም።

ሰማዩን ከግራጫና ከውሃ ሰማያዊ ቁርጥራጭ አስቀድሜ ገጠምኩ። ተራራውን በወረቀት ስዬ፣ ቆርጬ፣ በጨርቁ ላይ አስቀምጬ በካውያ አጣበቅኩት። ጥዱን ከተቀደደ የሱፍ ሹራብ በትንንሹ ቆርጬ ሰፋሁ። ደስ ብሎኝ ለኢንገር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና ጣታቸውን ከጫፉ ላይ አደረጉ።

"እዚህ ላይ ዛፍ የለም" አሉኝ።

"ተራራ አይደል እንዴ?"

"ተራራ ስለሆነማ ነው።"

እጄን ይዘው መስኮቱ ጋ አቆሙኝ። እውነታቸውን ነው። ጥዱ የተራራው ወገብ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ድንጋይና በረዶ ብቻ ነው። እዚያ ተራራ ሥር ስኖር አንድም ቀን አላየሁትም ነበር ማለት ነው። እጄ የሠራው እንጦጦን ነው፤ ጫፉ ድረስ ባሕር ዛፍ የለበሰውን፣ ከሩቅ ሲያዩት አናቱ የተንጨባረረውን። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ተራራ እሱ ነው፣ ተራራ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ኢንገር "ይሁን፣ እንደዚሁ ያምራል" አሉኝ። እኔ እንቢ አልኩ። እንጦጦን ለእማዬ ልኬ ምን ያደርግላታል፣ በር ላይ ቁጭ ብላ ታየው የለ። የሰፋሁትን ጥድ አንድ በአንድ ተረተርኩት። ሲደክመኝ እጄን ብብቴ ሥር አሙቄ እንደገና እቀጥላለሁ።

ነጩም አስቸገረኝ። ወሰን ስሠራ የማውቀው ነጭ አቡጀዲና ሌላው ነጭ ነበር፣ በቃ። ተራራውን በአንድ ነጭ ብሸፍነው የታጠበ አንሶላ መሰለ። ኢንገር መሳቢያቸውን ከፈቱልኝ፤ አሮጌ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሟች ባላቸው ሸሚዝ፣ የሕፃን አንሶላ፣ ሁሉም ነጭ፣ አንዱም ከአንዱ የማይገጥም። በረዶው ጥላ ውስጥ ሰማያዊ፣ መንገድ ዳር ግራጫ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ቅቤ ቢጫ የሚልበት መሆኑን ከሥራ ስመለስ እየቆምኩ አየሁ። ሰው ቆማ በረዶ የምታይ ሐበሻ አይቶ ምን እንዳለ እንጃ። ወንዙን ከሚያንሸራትት የሳቲን ገበር ሠራሁት፣ ጥዱን ወደ ወገቡ አወረድኩት፣ ከዚያ የተራራውን ቅርጽ እየተከተልኩ ሦስቱን ንብርብር በእጄ ሰፋሁ። ቀን ሙሉ የሰው ወለል ስወለውል ውዬ ወገቤ አልታዘዝ እያለኝ ነው የሰፋሁት። ለጀርባው ከሰልባጅ ሱቅ ያገኘሁትን ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ ተጠቀምኩ፤ ጀርባውን ማን ያየዋል ብዬ።

ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላ ለሠርግ አገር ቤት የሚሄድ አንድ ልጅ አገኘሁ። "ክብደት የለውም" ስለው "ክብደት አለው ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም" አለኝና ሻንጣው ውስጥ ጎሰረው። ትዕግስት መገናኛ ሄዳ ተቀበለችው። በማግስቱ ደወልኩላት።

"ደርሷል፣ በጣም ያምራል" አለችኝ። "ቴሌቪዥኑን አልብሰነዋል።"

"ምን?"

"ትንሽ አጠረ እንጂ ልክ ነው። የአበባውን በኩል ነው ወደ ላይ ያደረግነው፤ ነጩ አቧራ ይይዛል።"

"ትዕግስት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው እኮ።"

"ጨርቅ? ግድግዳ ላይ?"

ልናደድባት አቅም አልነበረኝም። ቤታችን ፍሪጁም፣ ሶፋውም፣ ሬዲዮውም ልብስ አለው፤ ትንሽ ያማረ ጨርቅ ሲመጣ ሌላ ምን ይደረጋል። እማዬ አይታው እንደሆነ ጠየቅኳት። ባጭሩ "አይታለች" አለች። እንግዲያው በቪዲዮ አገናኚኝ፣ ይህችን አንድ ቀን ብቻ፣ ዐይኗን ከወጋት ወዲያው እዘጋለሁ ብዬ ለመንኳት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ተባባልን።

እማዬ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ጨርቁን ከቴሌቪዥኑ አንስተው ጉልበቷ ላይ ዘርግተውላታል። ፊቷን ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከስታለች፣ ሻሿን ግን እንደ ድሮው ወደ ኋላ አስራዋለች። ጉልበቷ ላይ የሚታየኝ ቀዩ አበባ ነው።

"ልጄ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው" አለች አበባውን እያሻሸች። "በረዶው ነጭ በነጭ። ያስፈራል። ተራራውማ እንጦጦን ያስንቃል።"

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። እማዬ ግን በጨርቅ አትቀልድም።

"ሰማዩስ እማዬ?"

"ሰማዩም አምሮበታል።"

ዐይኗ ስልኩን አያይም ነበር። ከስልኩ በላይ የትዕግስት ትከሻ አካባቢ ይንከራተታል። ያኔ ሁሉም ባንዴ ገባኝ፤ ብርሃኑ ይወጋኛል ያለችው፣ የጠፋው ኔትወርክ፣ "ቆንጆ ነው አለች" የተባለው። እኛ ውጭ ላለ ሰው ክፉ ነገር አንነግርም፤ ብቻውን ነው፣ ምን ያደርጋል፣ ይጨነቃል እንላለን። እኔም ያው ነኝ። በእናቴ ዐይን ይመጣብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። መጮህ ፈለግኩ፤ በማን ላይ እንደምጮህ ጠፋኝ።

"እማዬ፣ ገልብጪው" አልኳት። "እሱ ጀርባው ነው።"

እጇ ቆመ። ትዕግስት ማልቀስ ስትጀምር ተሰማኝ። እማዬ ግን ቀስ ብላ ገለበጠችው።

"እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኳቸው" አለች። "ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። ብትሰሚው ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያስ።" ጣቶቿን በተራራው ላይ አንቀሳቀሰች። "በይ ንገሪኝ። ይሄ የሚሻክረው ምንድን ነው?"

"ጥድ ነው። ወደ ላይ ሂጂ፣ ያልቃል።"

"አለቀ። ምነው?"

"ከዚያ በላይ ብርዱን ዛፍ አይችለውም።"

"ይሄ ልስልሱስ?"

"ወንዝ ነው፤ ውሃው ረግቷል።"

ጣቷ የስፌቱን መስመር እየተከተለ ወጣ፣ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና "እዚህ ጋ ክርሽ ላልቷል" አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሰች፤ የጠፋባት ነገር እንዳለ ደግማ ዳሰሰች።

"አንቺ የት ነሽ? ቤቱስ?"

ቤት አልሠራሁም ነበር። ሰማዩን፣ ተራራውን፣ ወንዙን ስለፋበት ከርሜ ቤት ማድረግ ጭራሽ አልመጣልኝም።

"ከታች ነኝ እማዬ" አልኳት። "ጨርቁ የሚያልቅበት ጋ።"

ጣቷ እየወረደ ጠርዙ ላይ ደረሰ።

"እዚህ?"

"እዚያ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን" አልኳት።

ስለ ሰለሞን አልጠየቀችኝም። እጇን ከጠርዙ አላነሳችም። ትዕግስት የጨረስን መስሏት ስልኩን ልታጠፋ ስትል "ተዪው፣ አትዝጊው" አለቻት።